ያልተነቀለው አሥራ አራት ሜትር

እያንዳንዱ ከተማ ሰው የሚያስቆም አንድ ሰው አያጣም። በወሬ የሚያስቆመውን ማለታችን አይደለም፤ እሱን «ቸኩያለሁ» ብሎ ማለፍ ይቻላል። የዓለምን ፖለቲካ የሚተነትነውንም አይደለም፤ እሱን ራስን እየነቀነቁ መገላገል ይቻላል። ይሄኛው የሚያስቆመው በቅጠል ነው። ከግንብ ስንጥቅ የወጣች፣ ከአስፋልት ጠርዝ ብቅ ያለች፣ ፍየል እንኳ አሽትታ የተወቻት አንዲት ቅጠል ያይና ክንዳችሁን ለቀም ያደርጋል። ከያዘ ደግሞ አይለቅም። አዲስ አበባም አለ፣ ቢሾፍቱም አለ፣ ሞጆ የጭነት መኪና በተኮለኮለበት መንገድ ዳር እንኳ አንድ አይጠፋም። የአዳማው ግን የሁሉም አለቃ ነው።

ጋሽ ይትባረክ ይባላሉ። ማዕረጋቸው በሙሉ ይጻፍ ከተባለ የአረሞች ሁሉ ጠበቃ፣ የተሰነጠቁ ግድግዳዎች ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር፣ የቦይ ዳር ጉሎዎች የክብር ሰብሳቢ፣ ክቡር ጋሽ ይትባረክ ነው። ሰባን ተሻግረዋል። ጠርዙ የተበላ ባርኔጣ ያደርጋሉ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምራሉ፣ ሲራመዱ መሬት መሬት ያያሉ። የማያውቃቸው ሰው የቤት ቁልፍ የጠፋባቸው ይመስለዋል።

ሰፈሩ በሙሉ ለምዷቸዋል። ያልለመዳቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ጎረቤታቸው ኃይለየሱስ።

ኃይለየሱስ በክፍለ ከተማው የጽዳትና ውበት ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ነው። «ተጠባባቂ» የምትለዋ ቃል ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ማዕረጉ ላይ ተቀምጣለች። ሲመደብ «ለጊዜው ነው» ብለውት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ልጁ ተወለደ፣ ክርስትና ተነሳ፣ ዳዴ አለ፣ በእግሩ ሄደ፤ «ተጠባባቂ» ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ቢሾፍቱ ያሉት አማቱ ለባለቤቱ ለሃኒ በደወሉ ቁጥር የልጆቹን ጤንነት ጠይቀው ሲያበቁ «ባልሽ አሁንም እየተጠባበቀ ነው?» ይላሉ። ያን ቀን ለኃይለየሱስ እራት አይወርድለትም።

ከክፍሉ ስም ውስጥ ጽዳት የሚለውን ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቆሻሻ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሳ፣ የትኛው ቦይ በየትኛው ዝናብ እንደሚደፈን፣ መጥረጊያ በስንት ወር እንደሚያልቅ በቃሉ ይነግራችኋል። ውበት የሚባለው ግን በዓመታዊው ዕቅድ ላይ አንዲት መስመር ነው፦ የመንገድ ጠርዝ ጥቁርና ነጭ ቀለም መቀባት። ቀለም ከመጣ ይቀባል፤ ካልመጣ ውበቱ ለሚቀጥለው በጀት ዓመት ይተላለፋል።

ታዲያ ይህን ሰው፣ እንዲህ ያለውን የመንግሥት ሠራተኛ፣ እግዜር ከአገር ሁሉ መርጦ ጋሽ ይትባረክ ጎረቤት ላይ ጣለው። ላያስችል አይሰጥም መቼም።

ሁለቱም የሚኖሩት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ በጥቁር ድንጋይ ከተሠራ ረጅም ግንብ ፊት ለፊት ነው። ግንቡ ጥንታዊ ነው። ማያያዣው ተበልቶ አልቋል፤ ድንጋዮቹ የቆሙት በልማድ ነው ይባላል። ክረምቱ ሲወጣ ከየስንጥቁ የማይበቅል ነገር የለም፤ አስተናግሩ፣ ግዛዋው፣ እንቧዩ፣ ስም ያልወጣለት ሐረግ ሁሉ ይንጠላጠልበታል። ኃይለየሱስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ሲወጣ ጋሽ ይትባረክ ግንቡ ሥር ቆመው ይጠብቁታል።

«ኃይልዬ፣ እስቲ አንዴ ቁም!»

«ጋሼ፣ ፊርማ ይነሳብኛል።»

«ፊርማው የትም አይሄድም። ይቺ ግን ፀሐይ ሲበረታ ትዘጋለች። ማን ተከላት?»

«ማንም።»

«ማን አጠጣት?»

«ማንም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ እንዲህ አድርጎ መልበስን ከየት ተማረች?»

ኃይለየሱስ ለዚህ ጥያቄ ለሦስት ዓመት ከመንፈቅ መልስ አላገኘለትም። ቢያገኝለትም የሚጠቅመው አልነበረም፤ የአንዷ ሳያልቅ ሌላዋ ትቀጥላለችና። ቢሮ ሲደርስ የፊርማው ወረቀት ተነስቷል። «ምን አዘገየህ?» ሲሉት «ባጃጅ ጠፍቶ» ይላል። አዳማ ላይ ባጃጅ ጠፋ ማለት ባሕር ዳር ላይ ውሃ ጠፋ እንደ ማለት ነው፤ ግን ሰው ደግ ነው፣ ይቀበሉታል።

ባጃጅ ከተነሳ ዘንዳ ነገሪን ጠይቁት። ነገሪ እዚያው ሰፈር ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ጋሽ ይትባረክን ጨምሮ ሦስት ሰው ጭኖ በፖስታ ቤት በኩል ሲበር ክቡርነታቸው ከኋላ «አቁም! አቁም!» ብለው ጮኹ። ነገሪ ሰው የገጨ መስሎት ፍሬኑን ረገጠ። ወርዶ ቢያይ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ የተንጣለለች አንዲት ኩርንችት፣ በጣት ጥፍር ልክ ቢጫ አበባ አውጥታለች።

«ያ ዋቅ! ጋሼ፣ ይቺ እኮ እሾኋ ጎማ የምትበሳው ናት!»

«ጎማህን የበሳችው ሌላ ናት» አሉት ጋሽ ይትባረክ ኮስተር ብለው። «ይቺ ገና አላገባችም። ልጅ ስትወልድ ነው እሾህ የምታወጣው።»

ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷም አንገቷን አውጥታ አየችና «እውነትም ታምራለች» አለች። ነገሪ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባጃጁን የሚያቆመው ኩርንችቷን ላለመርገጥ አንድ ክንድ ራቅ አድርጎ ነው። ጎማው ግን አሁንም ይበሳል።

ቀብር ላይ እንኳ አይተዉም። የእድሩ ጸሐፊ አቶ መርዳሳ ያረፉ ጊዜ ሕዝቡ በሙሉ እንባውን ሲያፈስ ጋሽ ይትባረክ አጎንብሰው የመቃብሩን ዙሪያ ሲመረምሩ ታዩ። ኃይለየሱስ በሀፍረት መሬት ብትውጠው ይመርጥ ነበር። ቀብሩ አልቆ ለማስተዛዘን ሲቀርቡ ደግሞ ሚስቲቱን «አይዞሽ እቴ፤ ደህና ቦታ ነው ያገኘው። ጎረቤቶቹን አይቻቸዋለሁ፣ አንዳቸውም ክፉ አይደሉም» አሏት። ጎረቤቶቹ ያሏቸው በዙሪያው የበቀሉትን ነው። ሴትዮዋ ግን ያ ሁሉ ሰው «እግዚአብሔር ያጥናሽ» ሲላት ያልቆመ ልቅሶዋን በዚህ አቆመች።

አንድ ጊዜ ደግሞ የሃኒ ወንድም፣ ቢሾፍቱ የአበባ እርሻ ላይ የሚሠራው፣ አንድ እቅፍ ጽጌረዳ ይዞ መጣ። ኃይለየሱስ በብርጭቆ አስቀመጠና ጋሽ ይትባረክን ጠራቸው። ለነገሩ ጥሪው ተንኮል ነበረበት፤ እውነተኛ አበባ ምን እንደሚመስል ይዩ ብሎ ነው። ክቡርነታቸው ጽጌረዳዎቹን ዞረው ዞረው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ምስኪን።»

«ምነው ጋሼ፣ ምን ጎደላቸው?»

«ደመወዝተኞች ናቸዋ። በሰዓት ይጠጣሉ፣ በሰዓት ይበላሉ፣ በሰዓት ይቆረጣሉ። አንድ ቀን እንኳ ደስ ባላቸው ቦታ በቅለው አያውቁም።»

ኃይለየሱስ የእጅ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ። ነገሩ እሱን ለመንካት የተባለ መስሎት ሁለት ቀን በሌላ መንገድ ዞሮ ቢሮ ገባ። በሦስተኛው ቀን ዞሮ መሄዱ ይበልጥ እንደሚያዘገየው ገባውና ተመለሰ።

ጋሽ ይትባረክ የሚጠሉት ዕፅ አንድ ብቻ ነው፤ ቅንጬ አረም። «እንግዳ ነኝ ብሎ ገብቶ ባለቤቱን የሚያስወጣ!» ይሉታል። ሰው አለመኖሩን ዞር ዞር ብለው ካረጋገጡ በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አበባው እንኳ ክፉ አይደለም» ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘመናይ ይህን ሁሉ ዘመን አብረዋቸው ኖረዋል። «አርባ ዓመት! አንድ ቀን እንኳ እኔን እንደዚህ ቆሞ አይቶኝ አያውቅም» ይሉና ይስቃሉ። «ግን ይሁን። ሸምግሎ ሴት ሲያይ ከሚቆም እንቧይ ሲያይ ቢቆም ይሻለኛል።»

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ጋሽ ይትባረክ ጡረታ ሳይወጡ ምን ይሠሩ እንደ ነበር የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ባቡር ግን አልነዱም፣ ቲኬትም አልቆረጡም። ሥራቸው ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው ሐዲድ ላይ በእግራቸው እየሄዱ፣ በሐዲዱ መሃል የበቀለውን አረም መንቀል ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት።

ኃይለየሱስ ይህን የሰማው አንድ የሐምሌ ቀን ዝናብ አስጠልሎት በረንዳቸው ላይ ሲቆም ነው። እሱም እንደ ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሲነቅሉ ኖረው፣ አሁን አትንኩብኝ ይላሉ? ይህስ ምን ይባላል ጋሼ?»

ጋሽ ይትባረክ አልሳቁም።

«እነሱን ነቅዬ ነው ሦስት ልጅ ያሳደግኩት» አሉ። «የበሉት እንጀራ፣ የለበሱት ደንብ ልብስ፣ ሁሉ ከነሱ ሥር ነው የወጣው። በየክረምቱ እነቅላቸዋለሁ፣ በየክረምቱ ይመጣሉ። አንድም ቀን ቂም ይዘው አያውቁም። ባቡሩ ቆመ፣ ሠራተኛው ተበተነ፣ አለቆቹም የት እንደ ገቡ አይታወቅም። እስከ ዛሬ የሚመጡት እነሱ ብቻ ናቸው። ታዲያ ቆሜ ሰላም ባልላቸው ሰው እሆናለሁ?»

ኃይለየሱስ «ዝናቡ አባራ መሰል» ብሎ ሄደ። ዝናቡ አላባራም ነበር።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል፤ የዚያ ዓመት ጉድ ግን የመጣው ከጠባ በኋላ፣ መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ነው። የክፍለ ከተማው የበላይ ኃላፊ ወይዘሮ ደራርቱ ኃይለየሱስን ቢሮዋቸው ጠሩት። ወይዘሮ ደራርቱ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው።

«ቅዳሜ የግምገማ ቡድን ይመጣል። የሚያዩት የባቡር ጣቢያውን ጀርባ ነው። ግንቡ ሰባ ሁለት ሜትር ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ቅጠል እንዳላይበት።»

«እሺ።»

«ይህ ከተሳካ ‹ተጠባባቂ› የምትለዋን ሰኞ በእጄ አነሳታለሁ። ካልተሳካ ከላይ ያሉት ሌላ ሰው አስበዋል፤ አንተ እንደ ተጠባበቅህ ትቀራለህ። ቶሌ?»

«ቶሌ» አለ ኃይለየሱስ። ከቢሮው እንደ ወጣ ለሃኒ ደወለላት። ሃኒ እልል አለች፤ ወዲያው ደግሞ ድምጿ ቀነሰ። «ጋሽ ይትባረክስ?» አለችው።

እውነትም ጋሽ ይትባረክስ? ኃይለየሱስ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ክቡርነታቸው ግንቡን ተደግፈው «በሬሳዬ ላይ!» ሲሉ፣ ሰፈሩ ሲሰበሰብ፣ ገምጋሚዎቹ ማስታወሻ ሲጽፉ ታየው። ሲነጋ አንድ ዘዴ መጣለት። ነገሪን ጠርቶ ነገሩን ሁሉ አጫወተውና ለቅዳሜ ተኮናተረው፦ ወንጂ መንገድ፣ ሸንኮራው ዳር፣ ስሙን የሚያውቅ የጠፋለት አንድ አበባ ወጥቷል ብለህ ጋሽ ይትባረክን ውሰዳቸው፤ ከእኩለ ቀን በፊት እንዳትመልሳቸው።

«አበባው እውነት አለ?» አለ ነገሪ።

«ወንጂ አይደል፤ አንድ ነገር አይጠፋም።»

ቅዳሜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኃይለየሱስ በመስኮት አጮልቆ አየ። ጋሽ ይትባረክ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ለሠርግ እንደ ተጠራ ሰው ደስ ብሏቸው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። «ለጥቅም ነው» አለ ለራሱ፤ ለማን ጥቅም እንደ ሆነ ግን ጨክኖ አልጠየቀም። አሥራ ሁለት የጽዳት ሠራተኞች ማጭድና አካፋ ይዘው መጡ፤ ሥራው ተጀመረ።

አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ባጃጇ ተመልሳ መጣች።

ነገሪ ጥሩ ልጅ ነው፤ ውሸት ግን ከከተማ መውጫው አሳልፎ መንዳት አልቻለም። ጋሽ ይትባረክ «አበባው ምን ዓይነት ነው? ቅጠሉስ? ግንዱስ?» እያሉ ሲያፋጥጡት ሁሉንም ዘርግፎ ነገራቸው፤ ግንቡንም፣ ግምገማውንም፣ «ተጠባባቂ» የምትለዋንም። አሁን ከባጃጇ ወርደው ቤታቸው ጎራ ካሉ በኋላ አንድ ነገር ይዘው እየመጡ ነው። የያዙት አንድ ክንድ የማይሞላ፣ እጀታው በላብ የጠቆረ አሮጌ መኮትኮቻ ነው። ኃይለየሱስ አበቃልኝ አለ።

«ልጄ» አሉት ፊቱ ሲደርሱ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ምነው ሳትነግረኝ?»

«ጋሼ፣ እኔ…»

«ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሥራ ላይ የኖረ ሰው ጎረቤትህ እያለ ወንጂ ትልከዋለህ? እንጀራህ ተይዞ እኔ አበባ ላይ?» ወደ ሠራተኞቹ ዞሩ። «ይሄ ምንድን ነው የምትሠሩት? ይሄ እኮ ማጨድ ነው! በሁለት ሳምንት ተመልሶ ይመጣና ልጁን ያስወቅሰዋል። ሥሩን ነው፣ ሥሩን! ዘወር በሉ።»

ተንበረከኩ። መኮትኮቻዋን በድንጋዮቹ መሃል አስገብተው አንዴ ፈንቀል ሲያደርጉ አስተናግሩ ከነሥሩ ወጣ። የነቀሉትን አልጣሉም፤ መንገዱ ዳር ሥሩን ወደ ላይ አድርገው አጋደሙት። ሁለተኛውን ከጎኑ፣ ሦስተኛውን ከጎኑ። በሐዲዱ ዘመን እንዲህ ነበር ሕጉ፤ ተቆጣጣሪው ሲያልፍ ሥሩ መውጣቱን አይቶ እንዲቆጥር። ሠራተኞቹ መጀመሪያ ተሳሳቁ፤ ቆይተው ማጭዱን ጥለው እንደሳቸው መንቀል ጀመሩ።

ኃይለየሱስ ቆሞ ያይ ነበር። ጋሽ ይትባረክ እያንዳንዷን ከመንቀላቸው በፊት አንድ ጊዜ አየት ያደርጓታል። ያን ሁሉ ጠዋት ማንንም «እስቲ ቁም» አላሉም። ኃይለየሱስ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እኒህ ሰው አንድ ቀን ዝም ብለውኝ ባለፍኩ እያለ ሲመኝ ኖሯል፤ አሁን ዝም ሲሉ ግን «ቁም» ይሉት እንደሆነ አፋቸውን ያይ ጀመር። ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ የተጋደመው መስመር ረዘመ፤ ሃያ ሜትር፣ አርባ ሜትር፣ ሃምሳ ስምንት ሜትር። ከኋላቸው ያለው ግንብ ራቁቱን ቆሟል፤ ዕቅዱ ላይ እንደሚለው ንጹሕ ነው።

ሃምሳ ስምንተኛው ሜትር ላይ ጋሽ ይትባረክ ቆሙ። እዚያ ላይ ከግንቡ አናት እስከ መሬት የወረደች ሐረግ አለች። ወይን ጠጅ አበባዋ ገና መከፈቷ ነው፤ ንቦቹ ሞልተውባታል። ጋሽ ይትባረክ እጃቸውን ሥሯ ላይ አደረጉ፤ አልሳቡም።

«ስሟን አላውቀውም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ስንትና ስንት ጊዜ ነቅያታለሁ፤ ስሟን ግን የነገረኝ የለም።»

ከዚያ ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ኃይልዬ፣ አንዴ ውሃ ታመጣልኛለህ?» አሉ። ውሃውን አመጣላቸው፤ ጠጡ፤ ብርጭቆውን መለሱለትና እንደገና መኮትኮቻዋን አነሱ።

«ይበቃል ጋሼ።»

«ምኑ ይበቃል? አሥራ አራት ሜትር ይቀራል እኮ።»

«ይቅር።»

«አብደሃል? ሰዎቹ ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። ሥራህስ? ልጆችህስ?»

«ይቅር አልኩዎት ጋሼ። ይነሱ።» ብብታቸው ሥር ገብቶ አነሳቸው። ቀለውት ደነገጠ፤ ያን ሁሉ ዘመን ክንዱን ይዘው ሲያስቆሙት እንዲህ የሚቀሉ ሰው አይመስሉትም ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ደራርቱ ሦስት ገምጋሚዎች አስከትለው መጡ። ሃምሳ ስምንቱን ሜትር ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ገምጋሚዎቹ ግንቡን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ጻፉ። ከሦስቱ አንዱ ከጻፈ በኋላም ትንሽ ቆሞ ቀረ፤ ሲጠሩት ነው የሄደው። ወይዘሮ ደራርቱ ኃይለየሱስን ወደ ጎን ሳቡት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ኃይለየሱስ ዓይኑን ወደ ሐረጓ መለሰ።

«ስማኝ። ሰኞ ጠዋት ሪፖርቱን አምጣ። ላልተሠራው ምክንያት ይፈልጋሉ። ‹በሰው ኃይል እጥረት› ብለህ ጻፍ፤ ሁሉም የሚጽፈው ነው። የቀረውን እኔ አሳልፈዋለሁ። ሦስት ዓመት ጠብቀህ በአሥራ አራት ሜትር አትወድቅም።» ክፉ ሴት አይደሉም፤ ከልባቸው ነው ያሉት።

እሑድ ለሃኒ ሁሉንም ነገራት። «ብቻ የተባልከውን ጻፍ» አለችው። ቆይታ ደግሞ «እኚህ ሽማግሌ ግን ትናንት እራት አልበሉም አሉ ወይዘሮ ዘመናይ፤ የወገብ ሕመም ነው ይላሉ» አለች።

ሰኞ ኃይለየሱስ በሰዓቱ ፈረመ። መንገድ ላይ ያስቆመው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ቅጹን ዘረጋ። የታቀደ፦ ሰባ ሁለት ሜትር። የተከናወነ፦ ሃምሳ ስምንት ሜትር። ያልተከናወነ፦ አሥራ አራት ሜትር። ቀጥሎ «ያልተከናወነበት ምክንያት» ይላል፤ ሁለት መስመር ክፍት ቦታ አለው።

«በሰው ኃይል እጥረት» ብሎ ጻፈ። አየው። ሰው ጎድሎ አያውቅም፤ እንዲያውም አንድ ሰው ተርፎ ነበር፣ ያውም ማንም ያልጠራው፣ ያውም ከሁሉም የበለጠ የሠራ። ሰረዘው። «በመሣሪያ እጥረት» አለ። ያቺ እጀታዋ የጠቆረች መኮትኮቻ መጣችበት። እሱንም ሰረዘው። «በአየር ጠባይ አለመመቸት» ሊል ብዕሩን አነሳ፤ ቅዳሜ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳህን ጥርት ያለ ነበር። እነዚህን ቃላት ሁሉ ሥራ ከጀመረ አንስቶ ሺህ ጊዜ ጽፏቸዋል፤ አንዳቸውም እንዲህ ከብደውት አያውቁም። አዲስ ቅጽ አወጣ፤ ቁጥሮቹን ደግሞ ሞላ። ምክንያቱ ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ በሩን አየ፣ ማንም አልነበረም። በሚያምር የእጅ ጽሑፉ፣ በቦታው መሃል፣ «ያምራል» ብሎ ጻፈ። አራት ነጥብ አደረገበት፣ ፈረመና ወደ ወይዘሮ ደራርቱ ቢሮ ይዞት ገባ።